ስለ ሰሜን ዋልታ ኑሮ ለታዳጊዎች የሚጻፍ መጽሐፍ አሠራሩን ያሳይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ኑሮ ለታዳጊዎች በአማርኛ የሚቀርቡ ጽሑፎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም አብዛኞቹ ልጁን አስደንቀው ያልፋሉ። «ሰዎቹ ከበረዶ በተሠራ ቤት ይኖራሉ፤ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ፤ በውሻ ይጓዛሉ» ይሉና ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳሉ። የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ጥያቄው እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው። ቤቱ ለምን አይቀልጥም? ውስጡ እሳት ይነድዳል? ጥሬው ሥጋ አያሳምምም? ፀሐይ ካልወጣች በምን ያያሉ? የእውነተኛ ሕይወት መጽሐፍ ስሙ የሚገባው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲሰጥ ነው። ለአሳታሚዎች፣ ለተርጓሚዎችና የልጆች ዓምድ ለሚያዘጋጁ ጋዜጠኞች ይጠቅማል ብዬ፣ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ምን መያዝ እንዳለበትና የት የት እንደሚሳሳት በምሳሌ ላሳይ።

ኢኑይት የሚባሉት የሰሜን ዋልታ አካባቢ ነባር ሕዝቦች በሚሠሩት የበረዶ ቤት ልጀምር፤ ሁሉም መጽሐፍ ይሥለዋል፣ የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው። የአገራችን ልጅ የሚያውቀው በረዶ ከዝናብ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደውን ወይም ከፍሪጅ የሚወጣውን ነው። ለቤት የሚሆነው ሌላ ነው። በዱቄት መልክ የወረደውን በረዶ ነፋስ እየገፋ፣ እየጠቀጠቀ ያጠነክረዋል። ሠሪው በቀጭን ዘንግ እየወጋ ይፈትነዋል። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች በእኩል ግፊት ከገባ በረዶው በአንድ ማዕበል የተከመረ ነው፤ ይሆናል። መሃል ላይ አንዴ ከላላ፣ አንዴ ከጠነከረ ግን በተለያየ ጊዜ የተደራረበ ስለሆነ ጡቡ ሲቆረጥ በመጋጠሚያው ይሰበራል። ትናንት የወረደ ልል በረዶ ይፈረፈራል፤ ቀልጦ ዳግም የረጋው ደግሞ ለቢላዋ አይመችም።

ቢላዋው ድሮ ከቀንድ ወይም ከአጥንት፣ በኋላ ከብረት የሚሠራ ረጅም ቢላዋ ነው። ሠሪው ክብ ያሰምራል፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ3 እስከ 4 ሜትር ተኩል ስፋት ይበቃል። ጡቦቹን የሚቆርጠው ከዚያው ከክቡ ውስጥ ስለሆነ ግድግዳው ሲያድግ ወለሉ ዝቅ ይላል፤ ከቤቱ ቁመት ከፊሉ የሚገኘው በዚህ ነው። የመጀመሪያው ዙር ከተደረደረ በኋላ አናቱ ተዳፋት እስኪሆን ድረስ ይላጫል። ቀጣዩ ጡብ ከተዳፋቱ ታችኛ ጫፍ ይጀምርና ግድግዳው ሳይቋረጥ እየተጠመዘዘ፣ ወደ ውስጥ እያጋደለ ይወጣል። ብዙ ሠዓሊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጡቦቹን እንደ ብሎኬት ግንብ ዙር በዙር ደርድረው ይሥሏቸዋል። እንደዚያ ቢሠራ የየዙሩ የመጀመሪያ ጡብ በጎኑ የሚደገፈው ስለሌለ ወደ ውስጥ ይወድቃል። በጠመዝማዛው አሠራር ግን እያንዳንዱ ጡብ ከሥሩም ከጎኑም ያለው ይይዘዋል፤ ስለዚህ ያለ ምሰሶና ያለ መቃን ይቆማል። ጣሪያውን ልክ ግማሽ ኳስ አድርጎ መሣልም ስህተት ነው። ጥሩ ሠሪ አናቱን ሾጠጥ ያደርገዋል፤ ጠፍጠፍ ያለ አናት በራሱ ክብደት እየጎበጠ ይመጣል።

የመጨረሻው ጡብ ከቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል። በጎኑ አዙረው ወደ ውጭ ያወጡትና ከውስጥ ሆነው ጠርዙን እየላጩ ወደ ቦታው ያወርዱታል። ስንጥቁ ሁሉ በልል በረዶ ይደፈናል። መግቢያው ከመኝታው መደብ ዝቅ ብሎ ይሠራል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ታች ይቀራል፣ ሙቁ ወደ መደቡ ይወጣል። አናቱ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ይተዋል። ይህችን ቀዳዳ ምንም ዓይነት መጽሐፍ ሊዘነጋት አይገባም። ከተደፈነች ከመብራቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው መርዛማ አየር ቤቱ ውስጥ ይጠራቀምና የተኙትን ይገድላል። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም የሚያድግ አማርኛ አንባቢ ልጅ በረዶው ደጁ ላይ ስላለ ያነበበውን ሊሞክር ይችላል። ስለዚህ «አዋቂ ሳይኖር አትሞክሩ፤ ውስጡ ምንም አታንድዱ» የሚለው በጉልህ ይጻፍ።

ቤቱ የማይቀልጥበትን ምክንያት ለማስረዳት ስለ መብራቱ መናገር ግድ ነው። ቁሊክ ይባላል፤ ከለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ኩራዝ ነው። ነዳጁ የአቆስጣ ሞራ ነው፤ አቆስጣ ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ አየር ለመሳብ ብቅ የሚል አጥቢ እንስሳ ነው። ፈትሉ ከደረቀ የድንጋይ ሽበትና ጥጥ ከሚመስል የሣር አበባ ይዘጋጅና በድንጋዩ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ይደረደራል። ነበልባሉን ዝቅ ብሎ፣ በረድፍ እንዲነድ የምትቆጣጠረው ሴቲቱ ናት፤ ፈትሉ በየጊዜው ካልተስተካከለ ጥቀርሻ ይሞላል። በዚህ ሙቀት የግድግዳው ውስጠኛ ገጽ በጥቂቱ ይረጥብና ጡቡ ራሱ መጥጦት መልሶ ይረጋል። ስለዚህ ቤቱ በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንካራ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ብዙ ከሞቀ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ልብስ ይረጥባል። 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማለት ምን እንደሆነ ለልጁ ለማስረዳትም የሚታወቅ መለኪያ አለ፦ የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ውስጥ ያለው ሜርኩሪ እንኳ ከዜሮ በታች 39 ገደማ ላይ ይረጋል።

ይህን ሁሉ ካስረዳ በኋላ መጽሐፉ የትና መቼ የሚለውን መናገር አለበት። ባለ ጉልላት የበረዶ ቤት ዋና የክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወራት፣ መኖሪያ የነበረው በመካከለኛው የካናዳ አርክቲክ (የሰሜን ዋልታ ክልል) ለሚኖሩ ኢኑይቶች ነው። በግሪንላንድና በአላስካ የክረምቱ ቤት በአብዛኛው ከሣር አፈር፣ ከድንጋይ፣ ባሕር ካመጣው እንጨትና ከዓሣ ነባሪ አጥንት ይሠራ ነበር። የበረዶ ቤት ባለበት አገርም ቢሆን በበጋ፣ ማለትም በሞቃቱ ወራት፣ ሰው በቆዳ ድንኳን ነበር የሚኖረው። ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ሕዝብ በመንደር ተሰብስቦ በእንጨት ቤት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተችው የካናዳ ግዛት ኑናቩት የቆዳ ስፋቷ የኢትዮጵያን እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀራት ስትሆን ነዋሪዋ ግን 40 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። መንደር ከመንደር የሚያገናኝ አውራ ጎዳና የለም። ዕቃ በአውሮፕላን፣ ከባዱ ደግሞ ባሕሩ በሚከፈትበት በበጋ በመርከብ ይገባል። በብዙ መንደሮች የመጠጥ ውሃ በየቤቱ በቦቴ ይታደላል፤ የተቀበረ ቧንቧ ስለሚረጋ። ቤቶቹ በምሰሶ ላይ የቆሙት መሬቱ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ ነው፤ የቤቱ ሙቀት መሬቱን ካቀለጠው ቤቱ ይሰምጣል፣ ይጣመማል። ለልጅ እነዚህ ከበረዶ ቤቱ ያላነሱ አስደናቂ ነገሮች ናቸው፤ ዛሬም ያሉ ናቸው።

በዚሁ ምዕራፍ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹም በልጅ አቅም ሊነገር ይገባል። በካናዳ የኢኑይትና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተወስደው፣ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ እየተቀጡ የተማሩበት ረጅም ዘመን ነበር፤ የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ያንን ዘመን በልጅነታቸው ያለፉ ሰዎች ራሳቸው ለልጆች ጽፈዋል። ለትርጉም ሲታሰብ ከጎብኚ መጽሐፍ በፊት የእነሱ ቢመረጥ ደስ ይለኛል።

ልብስ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ሁለት ድርብ ነው፦ የውስጠኛው ጠጉር ወደ ገላ፣ የውጪኛው ወደ ውጭ ይዞራል። ካሪቡ የሚባለው የዱር ሬንዲር (አጋዘን መሰል ባለ ቀንድ እንስሳ) ጠጉር ውስጡ አየር ያቆራል፤ ቅዝቃዜን የሚከላከለው ያ አየር ነው። ለልብስ የሚመረጠው በነሐሴና በመስከረም የታደነው እንስሳ ቆዳ ነው፤ ከዚያ በፊት ጠጉሩ ገና አላደገም፣ ከዚያ በኋላ ረዝሞና ከብዶ ይመጣል። ስፌቱ በጅማት ነው። ውሃ በማያስገባው የአቆስጣ ቆዳ ቦት ጫማ ላይ መርፌው አንዱን ቆዳ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ብቻ ወግቶ ይመለሳል፤ ዘልቆ የወጣ ቀዳዳ አይኖርም። ጅማቱም ሲረጥብ አብጦ የቀረውን ይደፍናል። ሰውን ለአደጋ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ላብ ነው። የሮጠ ሰው ልብሱ ውስጡ ይረጥባል፣ ሲቆም ይረጋል። ስለዚህ አዳኙ ሳይቸኩል ይሄዳል፤ ሲሞቀው ልብሱን ላላ ያደርጋል፤ ቤት ከመግባቱ በፊት የተጣበቀበትን በረዶ በዱላ ያራግፋል፤ ያላራገፈው ውስጥ ገብቶ ይቀልጥና ነገ ይረጋበታል። የእናቶቹ ልብስ አማውቲ ይባላል። እንደ አንቀልባ ልጅ በጀርባ ይያዝበታል፤ ልዩነቱ ሕፃኑ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ከእናቱ ጀርባ መጣበቁ ነው፤ ትልቁ ቆብ ለሁለቱም ይበቃል። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ብርድ ሳታስገባ ወደ ፊት አዙራ ታጠባዋለች።

ምግብ ላይ ተርጓሚዎች እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉት መጻሕፍት ጥሬ ሥጋን እንደ ጉድ ያወራሉ፤ አንባቢያቸው ያንን ስለማያውቅ ነው። አባቱ ቁርጥ ሲበላ የሚያይ ልጅ ያ መደነቅ አይመለከተውም፤ ተቆርጦ ይውጣና በምትኩ ምክንያቱ ይግባ። ዛፍ በማይበቅልበት አገር ማገዶ ውድ ነው። የዓሣ ነባሪ ቆዳና የአቆስጣ ጉበት ቫይታሚን ሲ አላቸው፤ ይህ ቫይታሚን በማብሰል ይቀንሳል። አትክልትና ፍራፍሬ ያለቀባቸው የአውሮፓ መርከበኞች ድዳቸው እየደማ ሲሞቱ ኢኑይቶቹ ጤነኛ የነበሩት በዚህ ነው። ሁሉ ነገር በጥሬው ይበላል ማለት ግን አይደለም። የነጭ ድብ ጉበት ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት መርዝ ነው፤ አይነካም። የድብና የዋልረስ (ረጅም ጥርስ ያለው ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳ) ጥሬ ሥጋ ሰውን የሚያሳምም ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፤ ያ ትል ደግሞ በብርድ አይሞትም።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ፤ አማርኛ ጸሐፊ ከማንም የተሻለ ሊያስረዳ የሚችለው ይህን ይመስለኛል። በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው ኡትኪያግቪክ ከተማ በ71 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ፀሐይ እዚያ የምትጠልቀው ኅዳር 9 ገደማ ነው፤ ተመልሳ የምትወጣው ጥር 14 ወይም 15 አካባቢ ነው። ለኛ ልጅ ይህ ሲነገር ከኅዳር ሚካኤል ጥቂት ቀን ቀደም ብላ ገብታ፣ ገናና ጥምቀት ካለፉ በኋላ ትወጣለች ቢባል ወዲያው ይገባዋል። ይሁንና ጨለማው ድፍን አይደለም። እኩለ ቀን ሲሆን ለጥቂት ሰዓት እንደ ንጋት ያለ ብርሃን ይታያል፤ ሌላ ጊዜ ጨረቃና ከዋክብት በረዶው ላይ ስለሚያበሩ ለመሄድ ይበቃሉ። ሐምሌ ላይ እኛ ዝናብና ጭጋግ ውስጥ ስንሆን እዚያ ፀሐይ ሌት ተቀን አትጠልቅም። «ክረምት» ሲባል የኛ ልጅ የሚያስበው ሐምሌን ነው፤ ስለዚህ ወቅትን ከመጥራት የወሩን ስም መጻፍ ይሻላል።

ሰዓትም እንዲሁ ወጥመድ ነው። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ከንጋት የሚነሳ ስለሆነ «ጠዋት 2 ሰዓት ተነሱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ልጅ ፀሐይ ወጥታለች ብሎ ያስባል። ጸሐፊው «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው» ብሎ መጨመር አለበት። ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሁን። ግማሹ በኛ፣ ግማሹ በአውሮፓውያን የሆነ መጽሐፍ የሰባት ስምንት ዓመት ግራ መጋባት ይፈጥራል።

ስለ አደን አንድ ምሳሌ ይበቃል። አቆስጣ የረጋውን ባሕር በጥፍሩ እየቧጠጠ በርካታ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ክፍት አድርጎ ይይዛል። ቀዳዳውን በረዶ ስለሚሸፍነው የሚያገኘው በማሽተት ውሻ ነው። አዳኙ ድምፅ እንዳይሰማበትና እግሩ እንዳይበርደው ቁራጭ ቆዳ ላይ ይቆማል። ቀዳዳው ላይ ቀጭን ስንጥር ወይም ላባ ያኖራል፤ ከተንቀሳቀሰ እንስሳው መጥቷል። ጦሩ ሲወረወር ጫፉ ከዘንጉ ይለያል፤ ቆዳው ሥር ገብቶ በአግድም ይዞራል፣ ስለዚህ በገመድ ሲጎተት አይወጣም። ሰዓታት ቆሞ ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ነው። ይህን የማይናገር መጽሐፍ አደኑን ጨዋታ ያስመስለዋል። ሥጋው ለማን ለማን እንደሚከፋፈል ደንብ አለው፤ እሱም ይነገር።

የሰዎች ስም መዘንጋት ሌላው ጉድለት ነው። መጋቢት 28 ቀን 1901 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማለት ነው፣ አሜሪካዊው አሳሽ ሮበርት ፒሪ ሰሜን ዋልታ ደረስኩ ያለው ብቻውን አልነበረም። ማቲው ሄንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊና ኡታ፣ ኤጊንግዋ፣ ሲግሉ፣ ኡክያ የሚባሉ አራት ኢኑይቶች አብረውት ነበሩ። በትክክል ዋልታው ላይ መድረሳቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሄንሰን የኢኑይቶቹን ቋንቋ የሚናገር፣ ተንሸራታች ጋሪ የሚሠራና ውሻ የሚነዳ ሰው ነበር፤ የጉዞውን ታሪክም ራሱ ጽፏል። ብዙ የልጆች መጽሐፍ ግን ፒሪን ብቻ ይጠራል። የቶጎ ተወላጁ ቴቴ ሚሼል ክፖማሲም አለ። በጉርምስናው ሎሜ ከተማ ስለ ግሪንላንድ የተጻፈ መጽሐፍ ገዝቶ አነበበ፤ ከቤቱ ወጥቶ በምዕራብ አፍሪካና በአውሮፓ እየሠራ ስምንት ዓመት ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1965 ግሪንላንድ ደረሰ። ከሰዎቹ ጋር በየቤታቸው ኖሮ ያየውን በፈረንሳይኛ ጽፏል። ለአፍሪካ ልጅ ከዚህ የቀረበ የሰሜን ታሪክ አላውቅም፤ ለታዳጊ በሚሆን መንገድ ተመጥኖ በአማርኛ ቢቀርብ ትልቅ ሥራ ነው።

ሰሜን ሲባል ኢኑይት ብቻ አይደለም። በስዊድን ቢያንስ አምስት ፈላጊ ተማሪ ሲገኝ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ይሰጣል፤ አማርኛ የሚማሩ ልጆችም አሉ። እነዚህ ልጆች በስዊድንኛ የሚማሩት ስለ ሳሚ ሕዝብ ነው፤ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር ስለሚኖረው። ከሳሚዎች ሬንዲር የሚያረቡት ጥቂቶቹ መሆናቸው ይነገር። ጥጃው በበጋ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ሌሊት፣ ከእናቱ ጋር ሲሄድ ታይቶ የባለቤቱ ምልክት በጆሮው ላይ በቢላዋ ይቀረጻል። ከብት ላይ ምልክት ማኖርን የሚያውቅ የአርብቶ አደር ልጅ ይህን በደንብ ይረዳል። በክረምት ሬንዲሩ ከበረዶው ሥር ያለውን የድንጋይ ሽበት አሽትቶ፣ በኮቴው ቆፍሮ ይበላል። በረዶው ላይ ዝናብ ከዘነበና መልሶ ከረጋ ግን መኖው በበረዶ ንጣፍ ይታሸጋል፤ እንስሳው ማሽተትም መቆፈርም አይችልም፣ እረኛው መኖ ገዝቶ ካላቀረበለት በረሃብ ያልቃል። አካባቢው ከዓለም አማካይ በላቀ ፍጥነት እየሞቀ ስለሆነ ሳሚዎች ይህን በጣም ይፈራሉ።

ስለ አዘገጃጀቱ ጥቂት ልበል። አንድ ምዕራፍ በአንድ ሥራ ዙሪያ ይጻፍ፤ ሥዕሉ ሥራውን በስድስት ወይም በስምንት ደረጃ ያሳይ፤ መጠኑ እንዲታወቅ በእያንዳንዱ ውስጥ ሰው ይኑር። ከሥዕሉ ሥር ቦታና ዓመት ይጻፍ፤ ዓመት የሌለው የመቶ ዓመት ፎቶግራፍ ለልጅ ዛሬ ነው። ካርታው ዋልታው መሃል ላይ ሆኖ ከላይ የሚታይ ይሁን። በተለመደው የግድግዳ ካርታ ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል ትመስላለች፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። ፔንግዊን ከነጭ ድብ ጋር ከተሣለ ሥዕሉ ይመለስ፤ ፔንግዊን የደቡብ ነው። ጽሑፉ ከማተሚያ ቤት በፊት ከዚያው ሕዝብ ለሆነ አንባቢ ይታይ፤ በኢሜይል ገጽ እየላኩ መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም።

ጋዜጣችሁ የልጆች ዓምድ ላይ በየሳምንቱ አንድ ሥራ ቢያወጣ ጥሩ ጅምር ይሆናል፤ ለመጀመሪያው ውሃ የማያስገባውን ቦት ጫማ ስፌት እመርጣለሁ። መርፌ፣ ክርና ሁለት ቁራጭ ቆዳ ካለ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሆነው ሊሞክሩት፣ ውሃ አፍስሰውም ሊፈትኑት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የታዳጊዎች መጻሕፍት አርታኢ
አዲስ አበባ